ፌንጣ ያለ ቅድሚያ

ሰኞ፣ 3

አባ ቆይ ዛሬ ጠዋት የክፍል ኃላፊዎችን በሙሉ ሰብስቦ መርዶ ነገረን። አባ ቆይ ዋና ሥራ አስኪያጃችን ነው። ምንም ነገር ብትጠይቀው «ቆይ» ስለሚል ስሙን ያወጡለት ሠራተኞቹ ናቸው። ዛሬ ግን «ቆይ» የሚባልበት ነገር አልነበረም።

እስከ ዛሬ መንግሥት አውሮፕላን ሲገዛ ሕጉ ለእኛ ያደላ ነበር። ፌንጣ፣ ያቺ በአጭር ሜዳ ዘላ የምትነሳ ትንሽዬ አውሮፕላናችን፣ እዚሁ አገር ስለተሠራች ከውጭ የሚመጡት ዋጋቸው ላይ በወረቀት አንድ አምስተኛ እየተጨመረባቸው ነበር ከእሷ ጋር የሚወዳደሩት። ስለዚህ ሁሌም እናሸንፋለን። አሁን ከጎረቤት አገሮች ጋር ስምምነት ሊፈረም ነው። የጦር ካልሆነ በቀር መንግሥት አውሮፕላን ሲገዛ ማንም ለራሱ አገር ምርት ቅድሚያ አይሰጥም። እኛም እናነሳለን፣ እነሱም ያነሳሉ። የመጀመሪያው ጨረታ ጤና ሚኒስቴር ለበሽተኛ ማመላለሻ የሚገዛቸው አራት አውሮፕላኖች ናቸው።

ሰዉ ሁሉ ለቅሶ ቤት የተቀመጠ መሰለ። «እነሱም ያነሳሉ» የሚለውን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ መሰለኝ። የሽያጭ ኃላፊ ነኝ፣ ጎረቤት አገር ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ፌንጣን አይተው ወደዷት፣ ሁለቱንም ጊዜ «ምን እናድርግ፣ ሕጋችን ለራሳችን ነው የሚያደላው» ብለው በክብር ሸኙኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ለሰውዬው ነገርኩት። ሰውዬው ባሌ ነው። የመገጣጠሚያ አዳራሹ ፎርማንና የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር።

«የነሱም በር ይከፈታል እኮ» አልኩት።

«የራስሽ ቤት ጣራ እየተነሳ ስለ ጎረቤት በር ታወሪያለሽ?» አለኝ።

ጥሩ ተናጋሪ ነው። ለዚህ ነው ሁሌ የሚመርጡት።

ሐሙስ፣ 6

አየር ማረፊያ ዋልኩ። የጤና ሚኒስቴር ሰዎች በሥራ ላይ ያሉትን የቀድሞ ፌንጣዎች ሊያዩ መጥተው ነበር። እኔ ማብራሪያ ሰጪ።

በሽተኛ ሲጫን አየሁ። ወገቡ የተሰበረ የግንባታ ሠራተኛ። በራችን ጠባብ ስለሆነ ቃሬዛው በቀጥታ አይገባም፣ በጎን መዘንበል አለበት። ሲያዘነብሉት በሽተኛው ጮኸ። እንዲያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። አብራ የምትበረው ነርስ፣ ሁሉም ሲስተር ነው የሚሏት፣ ጭንቅላቱን ደግፋ «አለፈ፣ አለፈ» ትለዋለች። በኋላ ወደ እኔ ዞራ «የናንተ ናት አይደል?» አለችኝ። ናት አልኳት።

«እንግዲያው በሯን አስፉልን። ስንት ጊዜ ተናገርን።»

እውነቷን ነው። ሰፊው በር ተነድፎ አልቆ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። አባ ቆይ «ቆይ፣ እንዲህም ሆና እየገዙን ነው» ብሎ ነው የተወው።

ማክሰኞ፣ 11

የምክር ቤቱ ኮሚቴ ነገ አስተያየታችንን ሊሰማ ጠርቶናል። አባ ቆይ «ምላስ ያለሽ አንቺ ነሽ» ብሎ እኔን ላከኝ። የምለውንም ጽፎ ሰጠኝ፣ ቅድሚያው ከተነሳ አንድ ዓመት አንቆይም ነው ባጭሩ።

ሰውዬው ደስ ብሎታል። እራት ላይ እሱ የኮሚቴው ሰብሳቢ ሆኖ ሲጠይቀኝ፣ እኔ ስመልስ አመሸን። «ጎሽ! እዚህ ላይ ድምፅሽን ትንሽ አሳዝኚው» ይለኛል። እማማ፣ የእሱ እናት፣ አብረውን ነው የሚኖሩት። እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ሲያዩን ቆዩና «ያላመኑበትን ነገር ማጥናት ያደክማል» አሉ።

ማንን እንዳሉ አልገባኝም።

ረቡዕ፣ 12

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

የምክር ቤቱ አዳራሽ ትልቅ ነው፣ ወንበሮቹ ከሰው በላይ ይናገራሉ። በሬዲዮ በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። ተረጋግቼ ነው የተቀመጥኩት። ውኃውን ሁለት ጊዜ ደፋሁት፣ ጠረጴዛው ዘንበል ያለ ነበር።

ሰብሳቢዋ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ነገር የማያንዛዙ ሴት ናቸው። የተሰጠኝን ጽሑፍ ግማሹን ሳነብ እጃቸውን አነሱ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህንን ፋብሪካው ልኮልናል፣ አንብበነዋል። እኔ የምጠይቅዎት አንድ ነገር ነው። ቅድሚያው ቢነሳ ፋብሪካችሁ ይኖራል ወይስ አይኖርም?»

ወረቀቱ ላይ መልሱ አለ። አፌን ስከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ይኖራል» አልኩ።

ከኋላዬ የአባ ቆይ ወንበር ተንቋቋ።

«እንዴት?»

«ፌንጣ ጥሩ አውሮፕላን ናት። የሚያሳፍራት ዋጋዋ አይደለም፣ በሯ ነው። በሯን ያላሰፋነው ደግሞ ሁሌ ስለምናሸንፍ ነው። ሁለት ነገር ብቻ እንለምናለን። ጎረቤቶቻችን የእነሱን ቅድሚያ ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ያንሱ፣ በኋላ እናነሳለን ብሎ ነገር አይሁን። ሁለተኛ፣ ጨረታው ሁለት ወር ይዘግይልን። በሩን እንሠራለን።»

ሰብሳቢዋ ጻፉ። ከዚያ ቀና ብለው «ይህ የፋብሪካው አቋም ነው?» አሉኝ።

«የእኔ ነው» አልኩ።

አባ ቆይ እስከ መኪናው ድረስ ሦስት እርምጃ ቀድሞኝ ሄደ። ሾፌሩ እንኳ ሬዲዮውን አጠፋው።

ትክክል ነኝ። ደግሜ ደጋግሜ አስቤዋለሁ፣ ትክክል ነኝ።

ሐሙስ፣ 13

ትናንት ይህን ጽፌ ስጨርስ ሰውዬው አልመጣም ነበር። የመጣው ዛሬ ከሥራ በኋላ ነው።

ለካ መገጣጠሚያ አዳራሹ ውስጥ ሬዲዮውን በድምፅ ማጉያ አስገብተውት ነበር። ማሽን ሁሉ ቆሞ፣ ሁለት መቶ ሰው ተሰብስቦ እኔን ያዳምጣል። እሱ ነው «ሚስቴ ልትናገርልን ነው፣ ኑ» ብሎ የጠራቸው።

«ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን ነው ያየው» አለኝ። «ምን ልበላቸው? ማታ ሲጠና የነበረው ሌላ ነበር ልበል?»

«ልነግርህ ነበር።»

«መቼ? ማይክሮፎኑን ከጨበጥሽ በኋላ?»

«ያሰብኩት እዚያው ነው።»

«እሱ ይብሳል!» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እውነት ነው ያልሽው፣ ሐሰት ነው አላልኩም። ግን ሁለት መቶ ቤተሰብ አስይዘሽ ነው የቆመርሽው፤ አንዱን እንኳ ሳትጠይቂ» አለኝ።

ለዚህ መልስ ነበረኝ። አሁን አላስታውሰውም።

ልብሱን በቦርሳ ይዞ ወንድሙ ቤት ሄደ። ለፋብሪካው ስለሚቀርብ ነው። እውነትም ይቀርባል፣ የሁለት ፌርማታ ልዩነት አለው። የሥራ ጫና ባለበት ሰሞን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እማማ ሻንጣቸውን የሚያወጡ መስሎኝ ነበር። «እኔ ቤቴ እዚህ ነው፣ የሄደው እሱ ነው» ብለው መስኮቱን ዘጉ።

ሰኞ፣ 17

ሠራተኞች ክበብ። ወረፋ ላይ ቆሜ ከኋላዬ ሰማሁ፦ «አውሮፕላን መሸጥ ሲያቅታት እኛን ሸጠችን።» ሳቅ። በደንብ የተባለ ነው፣ እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝ። ምግቤን ይዤ ቢሮ በላሁ። ቢሮ ጸጥ ስለሚል ለማሰብ ይመቻል።

አባ ቆይ ሊያባርረኝ እንደሆነ በቀጥታ ጠየቅኩት። «ቆይ» አለኝ። በዚህ ቃል ስደሰት የመጀመሪያዬ ነው።

ቅዳሜ፣ 22

ሕጉ ጸደቀ! የጎረቤቶቻችንም በዚያው ቀን እንዲጀምር ተወሰነ። ጨረታውም ሁለት ወር ተገፋ። የለመንኩት ሁለቱም!

አባ ቆይ ሌላ ምርጫ ስለሌለው በሩን ፈቀደ። ንድፉን ከመሳቢያ አውጥቼ እኔው ራሴ ወደ መገጣጠሚያ አዳራሹ ይዤ ገባሁ። መላክ ይቻል ነበር። ፎርማኑ በሰው ሁሉ ፊት ቀና ብሎ አየኝና፣

«የሽያጭ ኃላፊዋ ምን ፈልገው ነው?» አለኝ።

ፈልገው! ስንት ዓመት አብረን ስንኖር «እርስዎ» ብሎኝ አያውቅም። እኔም አላነስኩም። «ይህንን ንድፍ እንዲመለከቱልኝ ነበር» አልኩት።

«ያስቀምጡት።»

«አመሰግናለሁ።»

«እኛም እናመሰግናለን።»

ብረት የሚበሳው ሽማግሌ፣ ጋሽ ብሎን የሚሉት፣ አንዴ እሱን አንዴ እኔን እያየ «ኧረ ተዉ እናንተ ሰዎች፣ እኔ እንኳ ጨነቀኝ» አለ።

ንድፉን ግን ገና በሩን ሳልወጣ ነው የዘረጋው። በበሩ መስታወት አየሁት።

አዲስ ወር፤ ማክሰኞ፣ 9

ሩጫ። በሩ ሲሰፋ አካሏ ይላላል፣ ደጋፊ ብረት ይጨመራል፣ ብረት ሲጨመር ትከብዳለች፣ ስትከብድ መዝለሏ ቀረ። ከሌላ ቦታ ክብደት መቀነስ አለብን። ከየት? መሐንዲሶቹ ከወንበሩ ይላሉ። ሰውዬው ከወለሉ ይላል። ተጯጯሁ። ከሁለቱም ተቀነሰ።

እሱ እኩለ ቀን ላይ ምሳ አይበላም ይላሉ። የኔ ጉዳይ አይደለም።

አርብ፣ 19

እማማ «ልጄ እየከሳ ነው፣ ወንድሙ ቤት ያሉት ምግብ የሚሠሩት በስልክ እያወሩ ነው» ብለው ምሳ ዕቃ ቋጥረው ሰጡኝ። አደረስኩለት። ምግቡን የሠሩት እማማ ናቸው። ድንቹን ልጬ፣ ሥጋውን ከትፌ፣ ጨው ያስተካከልኩት እኔ ነኝ፣ ግን የሠሩት እሳቸው ናቸው።

እጁ በቅባት እንደተሞላ ተቀበለኝና «እማማን አመሰግናለሁ በዪልኝ» አለ።

«በዪልኝ» ነው ያለው። «ይበሉልኝ» አላለም።

ከሰዓት በኋላ ሦስት ደብዳቤ ጨረስኩ። ሥራ ዛሬ ቀንቶኛል።

ሦስተኛው ወር፤ ሐሙስ፣ 16

የፈተናው ቀን። ከከተማ ወጣ ያለ ኮረኮንች ሜዳ። እኛና አንድ የውጭ ኩባንያ ነን የቀረነው።

ፌንጣ ተንደረደረች፣ ጠጠሩን በተነችው፣ ዘለለች። ጋሽ ብሎን ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ አደረገ። ከዚያ የቃሬዛው ተራ መጣ። ሲስተር ራሷ ነች የመራችው። ቃሬዛው ምንም ሳይዘነብል፣ ምንም ሳይነካ፣ ዳቦ ምድጃ ውስጥ እንደሚገባ ሆኖ ገባ። ሲስተር ዞራ አየችኝ። እንዲያ በምስጋና ዓይን ማንም አይቶኝ አያውቅም።

ሰውዬው ከጎኔ ቆሞ ነበር። መቼ እንደመጣ አላየሁም።

«ገባ» አለኝ።

«ገባ» አልኩት።

የውጮቹም አውሮፕላን ቆንጆ ናት። መናገር ካለብኝ በጣም ቆንጆ ናት። ግን አሸንፈናል። ዓይኔን ጨፍኜ እፈርማለሁ፣ አሸንፈናል።

አራተኛው ወር፤ ሰኞ፣ 4

ተሸነፍን። አራቱንም።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ፊቴን ልታጠብ ሄድኩ። ትንሽ ቆየሁ፣ የቧንቧው ውኃ ቀጭን ነበር።

ቤት ስገባ እማማ ፊቴን አዩት። አጠገቤ ተቀምጠው ሹራባቸውን ሲሠሩ አመሹ።

ማክሰኞ፣ 5

አባ ቆይ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንለጥፈውና ይብቃ አለ። ሌላ ሥራ እስኪገኝ ግማሹ ሠራተኛ በግማሽ ቀን ብቻ ሊሠራ ነው። ይህን በወረቀት? አይሆንም አልኩት። ያስያዝኳቸው እኔ ነኝ።

አዳራሹ ገባሁ። ማሽኖቹን ማን እንዳጠፋቸው አላውቅም፣ ተራ በተራ ዝም አሉ። አንድ ሳጥን ላይ ወጥቼ ተናገርኩ። ተሸንፈናል አልኩ። ግማሽ ቀን የሚባለውንም ነገርኳቸው። ስድቡን እየጠበቅኩ ቆምኩ።

ማንም አልተሳደበም። ጋሽ ብሎን እጁን አወጣ፣ እንደ ተማሪ።

«በምን ተሸነፍን?» አለኝ።

«እ?»

«የነሱ ምን ኖሮት ነው የኛ ያጣችው? በበሩ ነው?»

«በበሩስ በለጥናቸው» አልኩ። «በዋጋም ብዙ አልተራራቅንም። የተሸነፍነው በሁለት ነገር ነው። ውስጧ ይጮኻል፣ ሐኪሙ የበሽተኛውን ልብ ማዳመጫ አድርጎ እንኳ መስማት አልቻለም። ሌላው መለዋወጫ ነው፣ እኛ ዕቃ እስክናደርስ አውሮፕላኗ ቆማ ትከርማለች።»

ጉምጉምታ ሆነ። አንዱ «ጩኸቱ ከኋለኛው ግድግዳ ነው፣ እኔ ድሮም ብያለሁ» አለ። ሌላው «ምን ብለሃል አንተ!» አለው። ያኔ ሰውዬው ከመሃል ቆመና፣ እኔን ሳይሆን ሰዉን እያየ፣

«እዚህ ስሠራ ጸጉሬ ሸብቷል» አለ። «ስናሸንፍ ለምን እንዳሸነፍን የነገረን ሰው የለም። ለምን እንደተሸነፍን ሲነገረን ይኸው የመጀመሪያችን ነው። መጥታ ነግራናለች። እንግዲህ ግድግዳውን እንየው።»

እንግዲህ ግድግዳውን እንየው። ይህን ዐረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ጻፍኩትና ሁለቱን ሰረዝኩ።

ሐሙስ፣ 21

ከጎረቤት አገር ተመለስን። የእነሱ ጤና ቢሮ ሦስት አውሮፕላን ይገዛል፣ የራሳቸው ፋብሪካ አለ፣ ግን ቅድሚያው ተነስቷል። ስምምነቱ ባይኖር በሩን አልፈን አንገባም ነበር።

ፌንጣ የኋላ ግድግዳዋ ድርብ ሆኗል። እነዚያ ግማሽ ቀን የተባሉት ሰዎች ሌላውን ግማሽ ቀን ማንም ሳያዛቸው እየመጡ ነው የሠሩት። መለዋወጫውንም እዚያው ድንበራቸው ላይ መጋዘን ተከራይተን እናስቀምጣለን ብለን ቃል ገባን። አባ ቆይ «ቆይ» ሊል አፉን ከፍቶ ነበር፣ ሳል አደረገው።

ግድግዳውን የሚያስረዳ ሰው ስለሚያስፈልግ ሰውዬው አብሮኝ ሄደ። ሌላ ምክንያት የለውም። ሆቴል ስንገባ የእንግዳ መቀበያው ልጅ የሞላነውን ቅጽ ተቀበለና ሁለታችንም አንድ አድራሻ መጻፋችንን ሲያይ አንድ ቁልፍ ሰጠን። ሰውዬው የጻፈው የወንድሙን ቤት አልነበረም።

ሁለታችንም አልተከራከርንም። ክፍሉ ሰፊ ነበር፣ መስኮቱ ወደ ገበያው ያያል። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

አምስተኛው ወር፤ ረቡዕ፣ 11

ሁለት! ከሦስቱ ሁለቱን አሸነፍን!

ስልኩ ሲደወል ደረጃ ላይ ነበርኩ። ለአባ ቆይ እንኳ ሳልነግር ወደ አዳራሹ በረርኩ፣ ጫማዬ አንዱ ወልቆ ደረጃው ላይ ቀርቷል። ማሽኑ ሁሉ ይጮኻል፣ ብጮህ ማን ይሰማኛል። ስለዚህ ሁለት ጣቴን ወደ ላይ አነሳሁ።

ሰዉ አየኝ። አንድ እግሬ ባዶ፣ ትንፋሼ ተቆራርጦ፣ ዓይኔ ቀልቷል፣ ሁለት ጣት። አንዱ ፊቱ አመድ መሰለ። ጋሽ ብሎን የያዘውን መዶሻ ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ሰውዬው ማሽኑን አጥፍቶ መጣ።

«ሁለት ወር ነው የሰጡን?» አለኝ።

«ምን?»

«ሊዘጋ ነው? ሁለት ወር?»

«ሁለት አውሮፕላን!» ብዬ ጮህኩ። «ሁለት አውሮፕላን ሸጥን! ማን ይዘጋል!»

አዳራሹ ፈነዳ። ጋሽ ብሎን «አንቺ ልጅ ልባችንን አውልቀሽ ልትገድዪን ነው?» እያለ ያቅፈኛል፣ ይቆጣኛል፣ ያቅፈኛል። ሰውዬው ደረጃው ላይ የቀረውን ጫማ አምጥቶ እግሬ ስር አስቀመጠ።

«ሰው እንዲህ ያለ ወሬ በጣት ይነግራል?» አለኝ።

«ድምፄ አልወጣ አለኝ» አልኩት።

«ለሬዲዮ ሲሆን ይወጣል» አለ። ይህን ሲል ግን እየሳቀ ነበር። ሲስቅ ካየሁት ቆይቷል።

ሐሙስ፣ 12

የግማሽ ቀን ሥራው ቀርቷል፣ ከሰኞ ጀምሮ ሁሉም ሙሉ ቀን ይገባል። አባ ቆይ ለጋዜጠኞች «ከመጀመሪያውም እምነታችን ነበር» ሲል ሰማሁት። ይሁንለት።

የሠራተኛ ማኅበሩ ዛሬ ተሰብስቦ አንድ ነገር ወሰነ፦ ከእንግዲህ ስናሸንፍም ስንሸነፍም የሽያጭ ኃላፊዋ መጥታ ምክንያቱን ትነግረናለች፣ ከኮሚቴ ፊት ከመቅረቧ በፊት ደግሞ መጥታ ትጠይቀናለች። ሁለተኛውን ሊቀመንበሩ ሁለት ጊዜ አነበበልኝ። እሺ አልኩ። ልክ ናቸው። ያን ቀን ቀድሜ ልጠይቃቸው ይገባ ነበር።

ከሰዓት ላይ ቦርሳውን ይዞ መጣ። እማማ በሩን ከፍተው ከላይ እስከ ታች አዩትና «ምነው፣ ከዚህ ፋብሪካው ራቀኝ ስትል አልነበር?» አሉት። «ምን ላድርግ እማማ፣ መንገዱን ለመድኩት» አለ። ገብቶ ሳይቀመጥ ስለ ሦስተኛው አውሮፕላን ጠየቀኝ፣ ለምን ለነሱ ፋብሪካ እንደቀረ። በብርድ ጊዜ ሞተራችን ለመነሳት ይቸገራል አልኩት። ጭንቅላቱን እየነቀነቀ «እውነት ነው፣ ይቸገራል» አለ።

ነገ ጠዋት አዳራሹ ገብቼ ይህንኑ እነግራቸዋለሁ። ሰውዬው እዚያ ጥግ ሸሚዜን እየተኮሰልኝ ነው፣ አንገትጌውን ሁለተኛ ጊዜ ሊደግመው ነው መሰለኝ።